ተጨማሪ መረጃ፦ ከጓሮ ተክል የወጣ ስም

ራፑንዘል የተባለችውን ባለ ረጅም ፀጉር ልጅ ተረት ታውቃላችሁ? ጀርመናውያኑ የግሪም ወንድማማቾች በ1812 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ራፑንዘል ቅጠሉ ለሰላጣ የሚሆን ተክል ስምም ነው። የልጅቷ እናት ነፍሰ ጡር ሳለች ይህ ቅጠል ክፉኛ አማራት፤ ባሏም ከጠንቋይ ጓሮ ሰረቀላት። ልጅቷ በቅጠሉ ስም ተጠራች።

በደቡብ ኦሞ ሙርሲዎች ዘንድ ደግሞ ብዙ የሰው ስም ከከብት መልክ ይወጣል። የከብት መልክ ማለት የቆዳው ቀለምና ዝንጉርጉርነት ነው፤ ዳልቻ፣ ቡሬ እንደምንለው። ለቀለም ያላቸው ቃልም ከከብት ጋር የተሳሰረ ነው።

ከኦሞ ወንዝ በላይ ባለችው በኮልቾ የምትኖሩ የካሮ ልጆች፣ ስማችሁን ማን እንዳወጣውና ከምን እንደመጣ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።