በሆስፒታል የሚዛመቱ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ለመግታት የዘር ሐረግ ልየታ ያለው ፋይዳ

በአንድ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተኙ ሁለት ሕፃናት በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ቢያዙ፣ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉን ወይም ከተለያየ ምንጭ መምጣቱን በባክቴሪያው ስም ብቻ ማወቅ አይቻልም። ይህን የሚያሳየው የተህዋሲውን የዘር ሐረግ በዘረ መል ምርመራ የመለየት ሥራ ነው።

የሁለቱ ናሙናዎች ዘረ መል እጅግ ተቀራራቢ ከሆነ ተህዋሲው በእጅ ንክኪ ወይም በመሣሪያ አማካይነት በክፍሉ ውስጥ እየተዛመተ መሆኑን ያመለክታል። መፍትሔውም የእጅ ንጽህናን ማጠናከር፣ መሣሪያን ማምከንና ሕሙማንን ለይቶ ማስተኛት ይሆናል። ዘረ መላቸው ከተለያየ ግን ትኩረቱ የመድኃኒት አጠቃቀምን ወደ መፈተሽ ያመራል።

ባርናርድስ የተሰኘውና እ.ኤ.አ ከ2015 እስከ 2017 በሰባት አገሮች የተካሄደው ጥናት የአዲስ አበባውን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ያካተተ ነበር። ጥናቱ በአገሮቹ በጥቅሉ ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ የተባለው ባክቴሪያ ለጨቅላ ሕፃናት የደም መመረዝ ቀዳሚ መንስኤ መሆኑን አመልክቷል። ከተለዩት ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹም በቅድሚያ የሚታዘዙትን አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ተላምደው ተገኝተዋል።

ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመዱ ተህዋስያንን የሚከታተል ብሔራዊ የቅኝት ሥርዓት እ.ኤ.አ በ2017 ጀምራለች፤ ሥራውንም የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያስተባብራል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ጥሩነሽ ቤጂንግን የመሰሉ ሆስፒታሎች ሁሉ ውድ የዘረ መል መመርመሪያ መግዛት አይጠበቅባቸውም። ዋናው ጉዳይ ናሙናን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መውሰድ፣ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ መለየትና ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ መላክ ነው።

እ.ኤ.አ በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ መንስኤነት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።