ድመቷ ከክሊኒክ በልዛ ብትመጣ
በደማም፣ አል ጀለዊያ ሰፈር የምትሠሩ እህቶቼ፣ የቤቱን ድመትና ውሻ ውሎ የምታዩት እናንተ ስለሆናችሁ ይህን እንደ እንስሳት ሐኪም ለእናንተ እጽፋለሁ።

ደም ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከአንገት ወይም ከፊት እግር ደም ስር ነው። መርፌው ሲወጣ ቦታው በደንብ ካልተያዘ ወይም እንስሳዋ ከተወራጨች ደም ቆዳ ስር ይፈስና ይበልዛል። ፀጉሯ ስለተላጨ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ እየተለወጠ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይጠፋል። መርፌው የት እንደገባ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጣት ወደ እናንተ እንዳይቀሰር፣ ከክሊኒክ እንደገባች ፎቶ አንሱና ለማዳም ወዲያው አሳዩ።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ከንፈሯን ገልጣችሁ ድዷን እዩ። ከነጣ፣ ቀያይ ነጠብጣብ ካለበት፣ ወይም መርፌ ያልነካው ሆዷ ከበለዘ በዚያው ቀን ትታይ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የአይጥ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ብዙው ዓይነት ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ምልክቱ የሚወጣው ከቀናት በኋላ ነው፣ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በቫይታሚን ኬ ይታከማል። ውሻ ላይ ደግሞ መዥገር የሚያመጣው ኤርሊኪያ የተባለ ተህዋስ ደም እንዲረጋ የሚያግዘውን ፕላትሌት ያወርዳል።

አደራ፣ አመማት ብላችሁ ፓናዶል እንዳትሰጧት። ለድመት ሩብ ፍሬም ገዳይ ሊሆን ይችላል።