ያገለገለ የብየዳ ጀነሬተር፦ ለአሶሳ ገበያ የሚያዋጣው የትኛው ነው?

በአሶሳና በአካባቢዋ በያጅ የሚፈለግበት ሥራ ብዙ ነው። የወፍጮ ማሽን እግሩ ይላቀቃል፣ የእርሻ ባለሀብቱ የትራክተር ማረሻ ይሰነጠቃል፣ የጭነት መኪና ተሳቢ ቴላዮው ይሰበራል፣ በከተማው የሚሠራው ቤት በርና መስኮት ይፈልጋል። በወርቅና በእምነ በረድ ሥራ የተሰማሩትም ያለ ብረት ሥራ አይውሉም። ችግሩ ግን ከዚህ ሥራ ብዙው የሚገኘው የመብራት መስመር በሌለበት ቦታ መሆኑ ነው። ክልሉ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ታላቁን የኅዳሴ ግድብ በጉባ ወረዳ ይዟል። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ኃይሉ ወደ መሃል አገር የሚጓዘው በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። መስመሩ በእርሻው አናት ላይ ቢያልፍም ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር እስካልተተከለ ድረስ ለባለሀብቱ አንድ ኤሌክትሮድ እንኳ አያቀልጥለትም።

በመሆኑም በሞተር የሚሠራ የብየዳ ማሽን ራሱን የቻለ ካፒታል ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ 1 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉ የሚታወስ ነው። አዲስ ማሽን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ በመሆኑ የብዙ ገዢዎች ዓይን ያገለገለው ላይ ያርፋል። ያገለገለ ማሽን ደግሞ ቀለም ተቀብቶ ሲቆም ሁሉም አንድ ይመስላል። ከአዲስ አበባ ተገዝቶ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ አሶሳ ከደረሰ በኋላ ችግሩ ቢገለጥ መመለሻው ከባድ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

በገበያ ላይ ያሉት አራት ምርጫዎች

የመጀመሪያው አሮጌው ከባድ ዲሲ ጀነሬተር ነው። በዝግታ የሚዞር፣ ኮሙታተርና ካርቦን ያለው፣ ክብደቱ በፒክአፕ የማይደፈር ዓይነት ነው። በዓለም ገበያ ስሙ የሚጠራው የአሜሪካው ሊንከን ኤስኤ-200 ከዚህ ወገን ነው። የብየዳው ጥራት የተመሰገነ ቢሆንም ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ሞተሩ ቤንዚን ነው፤ ለተጨማሪ መሣሪያ የሚሰጠው መብራት ደግሞ 115 ቮልት ዲሲ ነው። ይህ ማለት የ220 ቮልት ግራይንደርም ሆነ የውኃ ፓምፕ ሰክቶ መሥራት አይቻልም ማለት ነው።

ሁለተኛው በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ናፍጣ የሚጠጣ፣ ከ300 እስከ 400 አምፔር የሚሰጠው መካከለኛ ማሽን ነው። የጃፓኑ ዴንዮ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሦስተኛው በአየር የሚቀዘቅዝ፣ በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር፣ ዋጋው የሚቀንስ ትንሽ የቤንዚን ማሽን ነው። አራተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት ነው፤ ይኸውም ተራ ጀነሬተርና ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ለየብቻ መግዛት ነው።

ከአምፔር በፊት ቮልቱና ኸርዙ

ሻጭ መጀመሪያ የሚናገረው አምፔሩን ነው። ገዢ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ቮልቱንና ኸርዙን ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 እና 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማሽን 120 እና 240 ቮልት በ60 ኸርዝ ይሰጣል። አምፖልና ግራይንደር ከ240 ቮልቱ ላይ ይሠሩ ይሆናል፤ የፓምፕ ወይም የኮምፕሬሰር ሞተር ግን በ20 በመቶ ፈጥኖ ስለሚዞር ይጨናነቃል፣ ይግላል። የሞተሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ 50 ኸርዝ ማምጣት ይቻላል የሚል ደላላ ቢያጋጥም፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ቮልቱና የብየዳው ጉልበትም አብረው እንደሚቀንሱ መዘንጋት የለበትም። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራው ደግሞ የነጠላ ፌዝ መውጫው 100 ቮልት ነው። ስለዚህ «ጃፓን ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የፋብሪካው የስም ሰሌዳ መነበብ አለበት። ሰሌዳው የተነቀለ ማሽን ዋጋው ሊቀነስለት ይገባል፤ መለዋወጫ ለማዘዝም የሚያስቸግር ነውና።

ስንት አምፔር ይበቃል?

ለበርና መስኮት የሚያገለግለው የ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይወስዳል። የ3.25 ሚሊ ሜትሩ ከ90 እስከ 130፣ ለማረሻና ለቴላዮ የሚያስፈልገው የ4 ሚሊ ሜትሩ ከ140 እስከ 180 አምፔር ይፈልጋል። ለአብዛኛው የጥገና ሥራ እንግዲህ 200 አምፔር በቂ ነው። 400 አምፔር ለወፍራም ብረትና ለቧንቧ ሥራ ካልሆነ ነዳጅ ማቃጠያ ነው።

ሰሌዳው ላይ ከአምፔሩ ጎን የሚጻፈው መቶኛም ትርጉም አለው። «200 አምፔር በ60 በመቶ» ማለት ከ10 ደቂቃ ውስጥ በ200 አምፔር 6 ደቂቃ በይዶ 4 ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው። በ35 በመቶ የሚሠራው ግን ከ10 ደቂቃ 3 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው የሚበይደው። ሁለቱም 200 ቢባሉም አንድ ማሽን አይደሉም።

ከፍታና ሙቀት

ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ 10 ኪሎ ዋት የሚባለው ሞተር በተግባር 8.5 ኪሎ ዋት ያህል ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ የተፈተነ ማሽን አሶሳ ሲወርድ እንዲያውም ትንሽ ይሻለዋል። ወደ ኩርሙክና ወደ ጉባ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ይበረታል፤ ነገር ግን ከፍታው የመለሰውን ጉልበት ሙቀቱ ይወስደዋል። በበጋው መጨረሻ በቆላው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቀኑን ሙሉ ሲጫን ይግላል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፋሻው ቶሎ ይበላል። ለዚህ ቦታ ራዲያተር ያለው፣ በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር የናፍጣ ሞተር ይመረጣል።

መለዋወጫው የት ይገኛል?

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነቀምቴና በጊምቢ የሚያልፈው የአሶሳ መንገድ በጸጥታ ችግር የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። መርካቶ ሱማሌ ተራ በአንድ ቀን የሚገኝ ጓርኒሲዮን አሶሳ እስኪደርስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ማሽኑም እስከዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የሞተሩ ስም ከጀነሬተሩ ስም ይበልጣል። የሚመረጠው በአካባቢው በትራክተር፣ በወፍጮ ወይም በውኃ ፓምፕ ላይ አብሮት የሚሠራ ዘመድ ያለው ሞተር ነው። ለምሳሌ ሊንከን ኤስኤ-250 በፐርኪንስ 3.152 ሞተር ይሠራል፤ የዚሁ ሞተር ቤተሰብ በማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ላይ የሚታወቀው ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር የትራክተር መካኒክ ይከፍተዋል፣ ይገጥመዋል። ስሙ የማይታወቅ ሞተር ግን ርካሽ ቢሆንም አንድ ኖዝል ሲያልቅበት ብረት ሆኖ ይቀራል።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በእጅ ይዳሰስ። ገዢ ሲደርስ ሞቆ የሚጠብቅ ሞተር ሲቀዘቅዝ አልነሳም የሚል ሊሆን ይችላል። ከተነሳ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል። ሳያቋርጥ የሚወጣ ነጭ ጭስ የኮምፕሬሽን ወይም የኖዝል ችግር፣ ወይም ወደ ሲሊንደር የሚገባ ውኃ ምልክት ነው። ጥቁሩ ከአቅም በላይ መጫንን ወይም የፓምፕና የአየር ማጣሪያ ችግርን ያሳያል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ቴስታታውን መጠርጠር ነው። የሰዓት ቆጣሪውን ቁጥር ብቻ ማመን አይገባም፤ ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና።

ከዚያ ወደ ጀነሬተሩ ይታለፍ። ጥሩ ኮሙታተር ቡናማ መልክና ለስላሳ ገጽ አለው፤ የጠቆረና የተቦረቦረ ከሆነ ካርቦን ቢቀየርም አይረዳም። የመጠምጠሚያ ሽቦው በኢንሱሌሽን መለኪያ በ500 ቮልት ሲፈተን ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ እርጥበት ወይም ቃጠሎ አለበት። ሽቦን እንደገና ማስጠቅለል ከፍተኛ ወጪ ነው። በመጨረሻም ባለሙያ በያጅ በ4 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይሥራበት። አንድ ኤሌክትሮድ ለኩሶ «ይሠራል» ማለት ፍተሻ አይደለም። በጨረታ የሚሸጥ ንብረት «ባለበት ሁኔታ» ስለሚባል ይህ ፍተሻ ከጨረታው በፊት በሚፈቀደው የጉብኝት ቀን መጠናቀቅ አለበት።

ሰነዱም ከሞተሩ እኩል ይታይ። አሶሳ ለሱዳን ድንበር የቀረበች ከተማ በመሆኗ ዲክላራሲዮን የሌለው ማሽን ኬላ ላይ ሊያዝ ይችላል። ሰነዱ ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ማሽኑ ላይ ካለው ጋር ሳይመሳከር ቀብድ መክፈል አይገባም።

ሒሳቡ

አንዱ ማሽን በሰዓት 3 ሊትር፣ ሌላው 2 ሊትር ይፈጃል እንበል። በቀን 6 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠሩ የመጀመሪያው 450 ሊትር፣ ሁለተኛው 300 ሊትር ይጨርሳሉ። ልዩነቱ በዓመት 1,800 ሊትር ነው። ይህን በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዝቶ ከሁለቱ ማሽኖች የዋጋ ልዩነት ጋር ማነጻጸር ነው። በርካሽ የተገዛው ማሽን ትርፉን በአንድ ዓመት ውስጥ ለማደያው አስረክቦ ሊገኝ ይችላል። ነዳጅ በጀሪካን ለመቅዳት ምን ፈቃድ እንደሚጠየቅም ማሽኑ ሳይገዛ ከማደያው ማጣራት ተገቢ ነው።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

በአሶሳ ከተማ ሱቅ ኖሮት መብራት ሲጠፋ ብቻ ሞተር ለሚፈልግ፣ ኢንቨርተርና ጀነሬተር ለየብቻ መግዛት ያዋጣዋል። በ130 አምፔር የሚበይድ ኢንቨርተር ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቮልት አምፔር ስለሚወስድ 8 ያህል የሚሰጥ፣ ቮልቱ የማይዋዥቅ ጀነሬተር ያስፈልገዋል። መብራት ሲኖር ኢንቨርተሩ ብቻ ይሠራል፤ አንዱ ሲበላሽም ሌላው አይቆምም። ወደ እርሻና ወደ ማዕድን ቦታ ለሚያከራይ በውኃ የሚቀዘቅዘው ናፍጣ ከ200 እስከ 300 አምፔር ያለው ተመራጭ ነው። ትንሹ የቤንዚን ማሽን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለሚሠራ ይበቃል፤ ለኪራይ ግን አይሆንም። 400 አምፔሩን መግዛት ያለበት የወፍራም ብረት ሥራ ውል በእጁ የያዘ ብቻ ነው።