ታብ ሲነኩ ማን ነው የሚመልስልዎ?

ተርሚናል ላይ «ጊት ስታ» ብለው ታብን ሲጫኑ «ስታሽ»፣ «ስታተስ» እና መሰሎቻቸው ይደረደሩልዎታል። ሼሉ በራሱ ስለ ጊት የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቅለት ስሙ በአንደርስኮር የሚጀምር ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፖል ፋልስታድ እ.ኤ.አ. በ1990 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እያለ የጻፈው፣ አፕልም በ2019 የማክ መደበኛ ሼል ያደረገው ዜድ ሼል እንዲህ ያሉ ፋይሎችን በመቶዎች ይዞ ይመጣል። የእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያ መስመር የትኛውን ትእዛዝ እንደሚያገለግል ይናገራል።

ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር ያን ሁሉ መስመር ማንበብ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ «ኮምፕኢኒት» የተባለው ማስጀመሪያ አንዴ ያነብና ውጤቱን «ዜድኮምፕደምፕ» በተባለ፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ድብቅ ፋይል ያስቀምጠዋል። ካሽ የሚባለው ይኸው ነው። የመጽሐፍ ማውጫ እንደማለት ነው፦ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ፋይል እንደሚገኝ ይነግራል እንጂ ኮዱን አይዝም። ኮዱ የሚጫነው ያን ትእዛዝ ጽፎ ታብ የነካ ሰው ሲኖር ነው።

ካሹ ማርጀቱ በምን ይታወቃል? ኮምፕኢኒት የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ የፋይሎቹን ብዛትና የሼሉን ቨርዥን። አንድ ፋይል ጠፍቶ ሌላ ቢተካ ወይም የመጀመሪያው መስመር ቢለወጥ ቆጠራው ያው ስለሆነ፣ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያልፋል። አዲስ የጫኑት ፕሮግራም ታብ ሲነኩ ዝም የሚልዎ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ስንፍና ይመስላል፤ ነገር ግን ፋይሎቹን አንድ በአንድ መመርመር ካሹ የቆጠበውን ጊዜ መልሶ መብላት ይሆን ነበር። በእኔ ግምት ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። ለፍጥነት ሲሉ ይህንንም ቆጠራ በትልቁ «ሲ» አማራጭ የሚያስቀሩ ሰዎች ግን አሮጌ ካሽ ቢገጥማቸው ሊደነቁ አይገባም።

ኮምፓይል ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። «ዜድኮምፓይል» የሚባለው ትእዛዝ ጽሑፉን አስቀድሞ ተንትኖ «ዜድ ደብሊው ሲ» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ያወጣል። የማሽን ኮድ አይደለም፤ የሚያስቀረው የትንተናውን ድካም ብቻ ነው። ሼሉ ሁለቱን ጎን ለጎን ካገኛቸው ቀናቸውን ያወዳድራል፦ ኮምፓይል የተደረገው ከምንጩ አዲስ ከሆነ እሱን ይወስዳል፣ ካልሆነ ምንጩን። ከአርካይቭ የወጣ ፋይል የድሮ ቀኑን ይዞ ሲመጣ ታዲያ ስሌቱ ይፋለሳል። ይዘቱ አዲስ ቢሆንም ቀኑ አሮጌ ስለሆነ ሼሉ በቀድሞው ቅጂ ይቀጥላል።

ታብ አልታዘዝ ሲልዎ ዜድኮምፕደምፑን፣ አጠገቡ ኮምፓይል የተደረገ ቅጂ ካለም እሱን ጨምረው ይሰርዙና አዲስ ተርሚናል ይክፈቱ። ካሹ ራሱ ተመልሶ ይጻፋል፤ ኮምፓይል የተደረገው ባይመለስ የሚቀንሰው ፍጥነት ብቻ ነው። በአንደርስኮር የሚጀምሩትን ፋይሎች ግን አይንኩ፤ እነሱን ኮምፕኢኒት መልሶ አይጽፍልዎትም።