ክትባትና መካንነት፤ ጥርጣሬ የሚወገደው በማስረዳት ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች ያለው አሳብ ለአንባቢያን ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፤ በደብዳቤዎች ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጠው በትሕትና እለምናለሁ።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ነኝ። ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሊሰጥ ነው በተባለ ቁጥር፤ ወላጆች ወደ እኛ ወደ መምህራን እየመጡ «ይህ መርፌ ልጄን መካን ያደርጋታል የሚባለው እውነት ነውን?» እያሉ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹም በዚያ ቀን ልጃቸውን ከቤት ያስቀራሉ። ጠያቂዎቹ ያልተማሩ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያረቅቁና መዝገብ የሚመረምሩም አሉባቸው። ስለዚህ ነገሩን በንቀት ከማለፍ ይልቅ በማስረጃ መመልከት ይገባል።

ይህ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጃገረዶችን አንድ አንድ ጊዜ ለመከተብ ታቅዶ ዘመቻ ተደረገ። በሽታውን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ይህን የደረሱበት ጀርመናዊው ሐኪም ሐራልድ ዙር ሐውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በክትባቱ ውስጥ የሚገኘው የቫይረሱን የውጭ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን እንጂ ሕያው ቫይረስ አይደለም። ቅርፊቱ ሰውነት ጠላቱን አስቀድሞ እንዲለይ ያስተምራል እንጂ ሊራባ አይችልም።

በመካንነት ረገድም ጉዳዩ ሳይመረመር አልቀረም። በዴንማርክ አገር ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች መዝገብ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት፤ ክትባቱ የሴትን የእንቁላል ማፍሪያ ያለ ጊዜው ሥራ ያስቆማል ለሚለው አሳብ ድጋፍ አላገኘም። ክትባቱ ምንም ስሜት የለውም ማለት ግን አይደለም። ክንድ ያማል፤ ትኩሳትና ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ መርፌ የምትፈራ ልጅም ራሷን ልትስት ትችላለች። በአንጻሩ የማኅፀን በር ካንሰር የያዛት ሴት ሕክምናዋ ብዙ ጊዜ ማኅፀኗን ማውጣት ወይም በጨረር ማከም ነው፤ ከዚያም በኋላ መውለድ አይቻላትም። እንግዲህ የልጁን መውለድ የሚመኝ ወላጅ ሊፈራ የሚገባው መርፌውን ሳይሆን በሽታውን ነው።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬው ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በእስራኤል ቴሌቪዥን በቀረበ ዝግጅት፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች ዴፖ ፕሮቬራ የተባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ ምንነቱ በሚገባ ሳይገለጽላቸው እንደተሰጣቸው ተናገሩ፤ ክትባት ነው ተብለን ነበር ያሉም ነበሩ። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. የዚያ አገር ጤና ሚኒስቴር፤ የመድኀኒቱን ውጤት አለመረዳቷ ለሚያጠራጥር ሴት ሐኪሞች ትእዛዙን እንዳያድሱ አሳሰበ። በኋላ የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በግድ መሰጠቱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ቢልም፤ ነገሩ በብዙዎች ልብ ቀርቷል። ዴፖ ፕሮቬራ ለሦስት ወር የሚያገለግል የወሊድ መከላከያ እንጂ ክትባት አይደለም። ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፤ ሳይነገረው የተወጋ ሰው ሁሉንም መርፌ አንድ አድርጎ ቢያይ አያስገርምም።

ወሬ ያለ መልስ ሲተው የሚያደርሰውንም ጉዳት አይተናል። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ ግዛት የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን ያመክናል ተብሎ ተቋረጠ፤ ወደ አንድ ዓመት ያህልም ቆየ። ቫይረሱም ከዚያ ተነሥቶ ብዙ አገር አዳረሰ፤ በሱዳን በኩል አልፎ በ1997 ዓ.ም. ከፖሊዮ ነጻ ሆና ወደቆየችው አገራችን ገባ። የካኖ ወሬ የኢትዮጵያን ሕፃን እግር ሊያሽመደምድ ችሏል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፤ ክትባት ከመሰጠቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፤ የክትባቱ ስምና ጥቅም፤ ሊከተል የሚችለውም ስሜት በግልጽ የተጻፈበት ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ ለየወላጁ ይላክ። ሁለተኛ፤ ወላጆች ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር የሚነጋገሩበት ስብሰባ የመንግሥት ሠራተኛው ሊገኝ በሚችልበት በዕረፍት ቀን ይደረግ፤ ጠያቂውም ተቃዋሚ ተብሎ አይገሠጽ። ሦስተኛ፤ ከተከተበች በኋላ የታመመች ልጅ ብትኖር ጉዳይዋ ተመርምሮ ውጤቱ ለወላጆች ይነገር፤ የተደበቀ ትንሽ ነገር በሰፈር ውስጥ ትልቅ ወሬ ይሆናልና።

ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦችም የማሳስበው አለኝ። ፊርማና ማኅተም የሌለውን ወረቀት በመዝገብ አናያይዝም። ታዲያ ማን እንደ ጻፈው የማይታወቀውን በስልካችን የመጣ ወሬ፤ በሻይ ሰዓት ለጓደኛ ማቀበላችን ለምንድን ነው? የምናቀብለው ወሬ የአንዲት ልጅን ጤና የሚወስን ሊሆን ስለሚችል፤ ከማቀበላችን በፊት ጤና ጣቢያ ሄደን እንጠይቅ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ መምህር
ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፤ አዲስ አበባ