ከመካነ ሰላም እስከ መካነ ሥላሴ

በፈረንሳይ አገር ሊሞዥ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ከ12ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ በመዳብ ላይ ኅብረ ቀለም እያቀለጡ ጌጥ በሚሠሩ ባለ እጆቿ የታወቀች ስትሆን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1768 ገደማ በአቅራቢያዋ ነጭ የሸክላ ዐፈር ከተገኘ ወዲህ ደግሞ ፖርሴሊን በተባለው ስስ ሳሕን ስሟ በዓለም ናኘ። ዛሬ ጐብኚው ባሕር ተሻግሮ የሚሄደው የእነዚያን ሠራተኞች የእጅ ሥራ ለማየት ነው። እኛስ የምናሳየው የለንምን?

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያኽል የተጓዘ ሰው የቦረና ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከመካነ ሰላም ይደርሳል። ለሥራ ወደዚያ የተመደበ ወጣት ለወዳጆቹ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ደጋው ብርድና ስለ መንገዱ ርዝመት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምድር ከ500 ዓመት በፊት ነገሥታት የሚመላለሱበት፣ የታወቁ ባለ እጆችም የሚሠሩበት የጥንቱ የአምሓራ አገር ነበረ።

ዐፄ በእደ ማርያም ከ1460 እስከ 1470 ዓ.ም. ሲነግሡ አትሮንሰ ማርያምን በዚሁ በአምሓራ አገር አሠሩ። በዚያ ዘመን ግድም ከቬኒስ የመጣ ኒቆላ ብራንካሌዎን የሚባል ሠዓሊ ኢትዮጵያ ገብቶ ይኖር ነበር። መንገደኛው ጀምስ ብሩስ እንደሚተርከው፣ ይህ ሰው በአትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ስለ ሣላት ሕዝቡ አጕረመረመ። በእኛ አገር ግራ እጅ እንደ ቀኝ የከበረ አይደለምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን የመካነ ሥላሴ ነገር ነው። ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል አስፈጸሙት። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በ1513 ዓ.ም. አይቶት ጽፏል። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ከቦታው በደረሰ ጊዜ፣ የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ እንደሚለው፣ ኢማሙ ገብተው በወርቅ የተለበጠውን ቤት ሲያዩ ተደነቁ። አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች፣ እንዲህ ያለ ሥራ በሮም ወይም በህንድ እንዳለ ቢጠይቋቸው፣ በየትም አላየንም አልሰማንም ብለው መለሱ። ከዚያም ወታደሮቹ ወርቁን በመጥረቢያ ላጡት፤ ቤቱም በእሳት ጋየ። ይህን ምስክርነት የሰጠው ወዳጅ ሳይሆን ቤቱን ካቃጠለው ወገን የሆነ ጸሐፊ ስለ ሆነ፣ ማንም ሊጠራጠረው አይችልም።

እንግዲህ አንድ ነገር እንጠይቅ። ያሠሩትን ነገሥታት እናውቃለን፤ ያቃጠለውንም እናውቃለን። ወርቁን የቀጠቀጠው፣ ድንጋዩን የጠረበው ማን ነበር? የባለ እጅ ስም በታሪክ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። እንዲያውም ብረት ሠሪው ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ ሲሰደቡ ኖሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ቢያስነግሩም፣ ስድቡ በአንድ ቀን ዐዋጅ የሚጠፋ አልሆነም። ወርቁ በአንድ ሌሊት ቢጠፋ፣ ሙያው ግን የሚጠፋው በንቀት ነው።

ሙያው ፈጽሞ አልሞተም። በወሎ ደጋ የበግ ጠጕር በደጋን ተነድፎ፣ በሴቶች እጅ ተፈትሎ፣ በሸማኔ ተሠርቶ ባና ይሆናል። በብርድ ሌሊት ባና የለበሰ ሰው የዚህን ሙያ ዋጋ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ስለዚህ በዚያ አገር ያለህ ወጣት ሆይ፣ የዕረፍት ቀንህን በከንቱ አታሳልፍ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበትን የደንቆሮን ደን ተመልከት። በሳይንት የምትገኘውን፣ በትውፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይሠዋባት ነበር የምትባለውን ተድባበ ማርያምን ተሳለም። ዐባይን ተሻግረህም በጎጃም መርጡለ ማርያም፣ ንግሥት እሌኒ ባሠሩት በጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ስፍራ፣ ከፍርስራሹ ላይ የሚታየውን የድንጋይ ቅርጽ እይ። ከሜዳ የወደቀ የተጠረበ ድንጋይ ብታገኝ አታንሣው፤ ለሚመለከተው አስታውቅ። ስትመለስ ደግሞ በገበያ ቀን ከሸማኔው ዘንድ ቁም፤ ሥራውን እይ፤ ስሙንም ጠይቀህ ጻፍ። የመካነ ሥላሴን ሠራተኞች ስም የጻፈልን አላገኘንምና፣ በእኛ ዘመን ያሉት እንዲሁ እንዳይረሱ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።