ወጣቶችን በትንሽ ጀልባ ለመጎተት ምን ዓይነት ዕቃ ይገዛ?

አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በአየር የሚነፋ ትንሽ የላስቲክ ጀልባ ከነሞተሩ ገዛ እንበል። ጀልባው ላንጋኖ በደረሰበት ቀን ታናናሽ ወንድሞቹና እኅቶቹ የሚያቀርቡለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «እኛንስ መቼ ትጎትተናለህ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መልሱ ከመሰጠቱ በፊት ስለሚገዛው ዕቃ ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል።

ለእንዲህ ያለው ጀልባ እኛ የምንመርጠው ኒቦርድ የተባለውን፣ ማለትም ተጎታቹ ተንበርክኮ የሚሄድበትን ሰሌዳ ነው። ተቆሞ የሚኬድበት የውሃ ስኪ ቀጭን ስለ ሆነ ሰውን ከውሃ ለማውጣት ብርቱ ሞተር ይሻል። ኒቦርድ ግን ሰፊ በመሆኑ በዝግታም ቢሆን ከውሃው በላይ ይወጣል፤ ተጎታቹም ለውሃው ቅርብ ስለ ሆነ ሲወድቅ አወዳደቁ አጭር ነው።

የሰሌዳ ስፋት ለደካማ ጀልባ ካሣ መሆኑ የታወቀው ገና ከጥንቱ ነው። ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በፔፒን ሐይቅ ላይ በውሃ ስኪ ለመቆም ሲሞክር በመጀመሪያ የበርሜል ሳንቃ፣ ቀጥሎም የበረዶ ስኪ አሠረ፤ ሁለቱም ሰመጡበት። ከዚህ በኋላ ርዝመታቸው 2 ሜትር ከ40፣ ስፋታቸው 23 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሁለት የጥድ ሳንቃዎች ገዝቶ ጫፋቸውን በእናቱ ድስት በፈላ ውሃ አለስልሶ ወደ ላይ አጎበጣቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 2 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ 19 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወንድሙ በሚነዳው ጀልባ እየተጎተተ በውሃ ላይ ለመቆም ቻለ።

እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው በሰሌዳው ላይ የተሣለውን ሥዕል ሳይሆን የሞተሩን አቅም ነው። (በአማርኛችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ለእግር መታጠፊያም ለኃይልም ማገልገሉ እዚህ ላይ ደስ ይላል፤ ለዚህ ጨዋታ ሁለቱም ያስፈልጋሉና።) ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,585 ሜትር ከፍታ አለው። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ በውቅያኖስ ጠረፍ 25 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር በላንጋኖ የሚሰጠው ወደ 21 ብቻ ነው። ለጀማሪ ወጣት በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር መሄድ ይበቃል። ጀልባው ሁለት ሰዎች ብቻ ጭኖ፣ ማንንም ሳይጎትት፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ እንደ ተሰቀለ የሚያቃስት ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ሰሌዳ ቢገዛለት ሰው አይጎትትም። ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል።

ሰሌዳው በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ወፈር ያለ ፕላስቲክ ሆኖ ውስጡ በፎም የተሞላ ነው፤ ሁለተኛው ከፋይበርግላስ የተጨመቀ፣ ቀጭንና ጠርዙ ስል የሆነ ነው። ሻጩ ሁለተኛውን ያመሰግናል፤ ፈጥኖ መታጠፉም እውነት ነው። ዳሩ ግን ይህ ለለመደና ብርቱ ጀልባ ላለው ሰው የተሠራ ነው። ለእኛ ወጣቶች የመጀመሪያው ይበልጣል፤ በደንብ ይንሳፈፋል፣ ዋጋው ይቀላል፣ ድንጋይ ቢነካው ቶሎ አይሰበርም። አፍንጫው ላይ የገመዱ እጀታ የሚያዝበት መንጠቆ ያለው ቢሆን መልካም ነው። ተጎታቹ በሆዱ ተኝቶ ሳለ ጀልባው የሚስበው ክንዱን ሳይሆን ሰሌዳውን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ሰብስቦ ይንበረከክና እጀታውን ያላቅቃል።

ጭኑን ከሰሌዳው ጋር የሚይዘው ጠፍር ሰፊና በአንድ ስበት የሚፈታ ቬልክሮ ይሁን። ሰሌዳው ቢገለበጥ ተጎታቹ ራሱ ወደ ታች ሆኖ መፍታት አለበትና፣ በመጀመሪያው ቀን ጠፍሩን ፈጽሞ አለማሠር፣ በኋላም ውሃው ወገብ በሚደርስበት ቦታ አፈታቱን ደጋግሞ መለማመድ ይገባል።

ገመዱ ከ15 እስከ 20 ሜትር ይርዘም፤ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ይሁን እንጂ የዕቃ መጫኛ ገመድ አይሁን። በሞተሩ ላይም ሆነ በላስቲኩ ላይ በተለጠፉት ቀለበቶች ማሠር ክልክል ነው፤ ቀለበቱ ከነልጣፊው ይገነጠላል። ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ ግራና ቀኝ ባሉት ብረቶች ላይ «ልጓም» የሚመስል ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ ይታሰራል፤ መጎተቻውም በመካከሉ ይያያዛል። ልጓሙ ተንሳፋፊ ያለው ከሆነ ገመዱ ከሞተሩ ውልብልቢት ይርቃል።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የመንሳፈፊያው ሰደርያ ነው። «ያድጋል» ተብሎ ለልጅ ሰፋ ያለ ጫማ መግዛት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ሰደርያ ግን እንዲህ አይገዛም። የልጁ ደረት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካ፤ ከለበሰና ከቆለፈ በኋላ ሌላ ሰው ትከሻውን ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ሰደርያው ወደ አገጩና ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው። በገበያ ከሚገኙት አንዳንዶቹ ሲወድቁ ምቱን ለመቀነስ ብቻ የተሠሩ ሆነው ሰውን አያንሳፍፉም፤ በጋዝ የሚነፉትም ለመጎተት አይሆኑም። ቀለሙም የቅንጦት ነገር አይደለም። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለ ሆነ ከውሃው በታች ያለ ሰው ወዲያው ይሰወራል፤ ከላይም ቢሆን ጥቁር ራስ በማዕበል መካከል ከሩቅ አይለይም። ስለዚህ ብርቱካን ወይም ብጫ ይመረጥ። ጀልባው ላይ ያሉትም ሁለት ሰዎች ይልበሱት፤ ከመካከላቸው ዋና የማይችል ቢኖር ደግሞ የግድ ነው።

ሁለት ሰዎች ያልነው አንደኛው ወደ ፊት እያየ የሚነዳ፣ ሁለተኛው ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ ተጎታቹን ብቻ የሚመለከት ስለሚያስፈልግ ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር ፍጥነት ጨምር፣ ወደ ታች ሲሆን ቀንስ፣ እጅ በአንገት ላይ ሲሳብ ሞተሩን አጥፋ ማለት ነው። ነጂው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ በእጁ አንጓ ወይም በእግሩ ላይ ያሥር፤ ከጀልባው ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል። የወደቀውን ልጅ ለማንሣት ሲመለስም ዞሮ በዝግታ ይቅረብ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ውልብልቢቱ መቆሙ ሳይረጋገጥ ልጁ ወደ ጀልባው እንዳይዋኝ አስቀድሞ ይነገረው።